በተለምዶ ዝግ

ሚስቴ ይህን ነገር ለሰው እንዳላወራ ከልክላኛለች። እንዳልጽፍ ግን አላለችም።

ነገሩ የጀመረው በብርድ ልብስ ነው። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ብርድ ልብስ ጠፋብኝ ብሎ ማዘን እንደሚያስቅ ይገባኛል። በዚህ ሙቀት ሰው ቢፈቀድለት ቆዳውንም አውልቆ ሚስማር ላይ በሰቀለው ነበር። ብርድ ልብሱ ግን የእኛ አልነበረም፤ የአደራ ነበር።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት አላት። የሚበሉላት በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለሱት የከባድ መኪና ሹፌሮች ናቸው። ሹፌር ጭነት እስኪደርሰው ድረስ እዚህ የሚሠራው ሦስት ሥራ ነው፤ ይበላል፣ ያማርራል፣ ለቤቱ ዕቃ ይገዛል። የገዛውን ደግሞ ጋቢና ውስጥ አያሳድርም። ጥሩወርቅ ዘንድ ያመጣና ከማድ ቤቱ ኋላ ካለችው ክፍል ያስቀምጣል። አንድ የብረት በር፣ አንድ መስኮት፣ መስኮቱ ላይ ፍርግርግ ብረት፤ ክፍሏ ይህችው ናት። ደረሰኝ የለ፣ ፊርማ የለ። «ጥሩዬ፣ አደራ» ይላል፤ «እሺ» ትላለች፤ አለቀ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው በአፉ ይለዋል፤ እኔ አግብቼዋለሁ።

እናም ብርድ ልብሱ ጠፋ። ቀጥሎ አንድ ሽቶ ጠፋ። የበሩ ቁልፍ አልተሰበረም፣ የገባ ሰው አልታየም። ጥሩወርቅ ሁለቱንም ከራሷ ገዝታ ተካች፤ ለባለቤቶቹም ትንፍሽ አላለች። ማታ ግን እኔን «ዕቃ ይተካል፤ ስም በምን ይተካል?» አለችኝ።

በዚህ መሀል ጋሽ ደመላሽ ሳጥኑን ይዞ መጣ። ጋሽ ደመላሽ በዚህ መንገድ ላይ ያረጀ ሹፌር ነው። ሞተር ስር እያወራ ስለኖረ ሰላምታውም ጩኸት ነው፤ ሚስጥር ሲነግርህ ሦስት ቤት ይሰማል። ያን ቀን የነገረን ሚስጥር የመጀመሪያ ልጁን ሊድር መሆኑን ነው። በአበባ የተሣለችው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ያለው ጥሎሹ ነው፤ ቀሚሱ፣ ጫማው፣ ሽቶው፣ ወርቁ ሳይቀር። እንደምታውቁት ጥሎሽ በሙሽራዪቱ ዘመዶች ፊት ተከፍቶ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ብድግ እየተደረገ የሚታይ ነገር ነው። አንዲት ጫማ ብትጎድል የጎደለው ጫማው አይደለም፤ አባትየው ነው።

«ጥሩወርቅ! ጭነት እስኪደርሰኝ አደራ!» ብሎ ጮኸ።

«አታስብ ጋሽ ደመላሽ» አለችው። እሱ ሲወጣ ወደ እኔ ዞረች። «ይሄ ሳጥን ከዚህ ቤት ከጠፋ ሹፌር ዓይን አላይም። ምግብ ቤቱን ዘግቼ ነው አገሬ የምገባው።» እኔን ይዛ ትገባ እንደሆነ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

እኔ ትራንዚት ቤት የምሠራ ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ ወረቀትን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ ማዘዋወር ነው፤ ወረቀቱ ከእኔ የበለጠ ይከበራል። በዚያው ሰሞን አለቃዬ ፊርማ እንዳመጣ ሀራሙስ፣ ባሕሩ ዳር ካሉት ቪላዎች ወደ አንዱ ላከኝ። በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ አንዲት ድመት በአጥሩ ዘላ ገባች። ወዲያው ካሜራው አንገቱን ወደ እሷ አዞረ፤ መብራት ቦግ አለ፤ ሳይረኑ ጮኸ፤ ዘበኛው ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ። ለድመት እንዲህ ያለ አቀባበል ሲደረግ አይቼ አላውቅም። ልቤ እዚያው ቀረ።

ዘበኛውን ጠይቄ ነገሩን ተረዳሁት። ሴንሰር የሚባለው በር ወይም መስኮት ላይ ይለጠፋል፤ ሲከፈት ያውቃል። ያወቀውን ሪሌ ለምትባል ትንሽ ሳጥን ይነግራታል። ሪሌ ራሷ አታይም፣ አትጮህም፤ ከአንዱ ሰምታ ለሌላው ማቀበል ነው ሥራዋ። ካሜራውን «ቅረጽ!»፣ ሳይረኑን «ጩኽ!» ትላለች። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አለ፤ ሽቦ ስላልተቀጠለለት ብቻ ነው ሪሌ ያልተባለው።

ገበያ ወርጄ ሁሉንም ገዛሁ። ከቪላው እንዳላንስ ማግኔት ያለው መቆለፊያም ጨመርኩ፤ ሌባው ሲገባ ሪሌዋ በሩን እላዩ ላይ ጥርቅም እንድታደርግበት። ሌባው ቆጣሪ ቢያጠፋ ደግሞ ሳይረኑ እንዳይሰንፍ ትልቅ ባትሪ ጨመርኩ። ብልህ ሰው አስቀድሞ ያስባል። ሞኝም አስቀድሞ እንደሚያስብ ያወቅሁት በኋላ ነው።

«ባለሙያ ጥራ» አለችኝ ጥሩወርቅ።

«መመሪያው በፈረንሳይኛ ነው። እኔ ደግሞ ፈረንሳይኛ አውቃለሁ።»

«ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሁሉ ሽቦ ይቀጥላል?»

አባቴ እዚህ የገባው የምድር ባቡር ሠራተኛ ሆኖ ነው፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ አፌን የፈታሁት በአማርኛ፣ የተገረፍኩት በፈረንሳይኛ ነው። በተገረፈበት ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ ያቃተው ሰው የለም።

መሰላሉን የያዙልኝ ሙሴ አለሙ ናቸው። ሙሴ የተባሉት በነቢዩ አይደለም፤ ፈረንሳዮች «አቶ» ለማለት ሙሴ ስለሚሉ፣ እሳቸውም «አቶ» ስላነሰባቸው ነው። ከምግብ ቤቱ ጀርባ፣ መስኮታችን በሚያወጣበት ጠባብ ጓሮ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ምሳቸውን እኛ ዘንድ ይበላሉ፤ በዚህ ሙቀት ከረባት ያስራሉ። ብርድ ልብሱ የጠፋ ዕለት «ወይ ዘመን!» እያሉ ከጥሩወርቅ የበለጠ ያዘኑ ሰው ናቸው። እኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ አንዱን ሴንሰር በሩ ላይ፣ ሌላውን መስኮቱ ላይ ስለጥፍ እሳቸው ከታች ይጠይቁኛል፤ እኔም ደስ እያለኝ ምኑ ከምኑ እንደሚገናኝ አንድ በአንድ አስረዳቸዋለሁ። ቤቴ ውስጥ ተናግሬ የሚያዳምጠኝ ሰው ሳገኝ ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ሪሌዋ ጋ ደረስኩ። ሽቦ የሚታሰርባቸው ሁለት ብሎኖች አሏት። አንዱ አጠገብ «ኖርማልማን ኡቬር»፣ ሌላው አጠገብ «ኖርማልማን ፌርሜ» ይላል። «በተለምዶ ክፍት» እና «በተለምዶ ዝግ» ማለት ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሳይረን በተለምዶ ክፍት ሆኖ ቀኑን ሙሉ እንዲጮህበት የሚፈልግ ሰው አለ? በተለምዶ ዝግ ይሁን እንጂ፤ ሌባ ሲመጣ ይከፈት። ሳይረኑን፣ ካሜራውን፣ መቆለፊያውን፣ ሁሉንም «ፌርሜ» ላይ በካቻቢቴ ጥፍር አድርጌ አሰርኳቸው። ሙሴ አለሙም ከታች ሆነው «ትክክል!» አሉ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ምረቃ ሆነ። ለምሳ ቀድመው የመጡ ሹፌሮች ተሰበሰቡ። በሩን ክፍት አድርጌ ማብሪያውን ተጫንኩ። ጸጥ አለ። ሳይረኑ ዝም፣ ካሜራው ዝም። «አያችሁ? ሌባ ስለሌለ ዝም አለ» ብዬ ስለ ሥልጣኔ አጭር ንግግር አደረግሁ፤ ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ወጣሁና በሩን ገጭ አድርጌ ዘጋሁት።

ሳይረኑ ጮኸ። ጮኸ ስል ጮኸ ብቻ አይደለም፤ ሽሮው በየሳህኑ ተንቀጠቀጠ። ማግኔቱም በሩን ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ቁልፍ ባዞር፣ እጀታ ብጫን፣ ብለምነው አልከፈት አለ። ማጥፊያው ያለው ደግሞ ከውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ከተማችን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ጅቡቲ ውስጥ እኩለ ቀን ሲቃረብ ሰው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ጫት ከኢትዮጵያ የሚገባው በዚያን ሰዓት ነው፤ የጫኑት መኪኖችም ጥሩምባቸውን እያስጮኹ ነው የሚደርሱት። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ካርቲየ 4 ውስጥ የሆነ ነገር ከጮኸ፣ ሌባ መጣ ብሎ የሚያስብ አንድም ነፍስ የለም።

«ጫት ገባ!» አለ አንዱ።

በአንድ አፍታ መንገዱ ሞላ። ከቢሮው የወጣ፣ ከእንቅልፉ የተነሣ፣ ፀጉር ቤት ተቀምጦ ግማሽ ጺሙን በሳሙና ያስቀረ፣ ሁሉም ወደ ሀዋ ጠረጴዛ ገሰገሰ። ሀዋ ከደጃችን ፊት ለፊት ጫት የምትሸጥ ሶማሌ ጎረቤታችን ናት። አማርኛን የተማረችው ከሹፌሮች ስለሆነ የስድብ እጥረት የለባትም። ጠረጴዛዋ ላይ የነበረው ግን እርጥብ ጆንያ ብቻ ነው።

«ዋርያ!» አለችኝ መንገዱን አቋርጣ እየመጣች። «ጫቴ ገና መንገድ ላይ ነው፣ ወላሂ! ይሄን ሁሉ ሰው ሰበሰብክብኝ። አሁን ምን ላቃማቸው? ያንተን ሽቦ?»

«ይቅርታ ሀዋ፣ ሴንሰሩ ነው...»

«ሴንሰር ማነው? ጥራው!»

ሮጬ ሄጄ ቆጣሪውን አጠፋሁ። ፍሪጁ ጠፋ፣ ማራገቢያዎቹ ቆሙ፣ ሳይረኑ ቀጠለ። ባትሪውን አስታወስኩ። ደንበኞቻችን ላባቸው ወደ ወጣቸው መንጠባጠብ ሲጀምር ጥሩወርቅ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ «ያ ባትሪ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ።

«ምርጡን ነው የገዛሁት» አልኳት። «እስከ ነገ ይቆያል።» ይህን ስናገር ትንሽ ኩራት ቢጤ ስለተሰማኝ አሁን ድረስ አፍራለሁ።

ስልኬ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ይንጫጫል። ካሜራው ፎቶ እየላከልኝ ነው። አየሁት፤ የተዘጋ በር። ሌላ መጣ፤ የተዘጋ በር። ሌላም መጣ። የሌባ ፎቶ ይልክልኛል ብዬ የሰቀልኩት ካሜራ ምንም ነገር አለመኖሩን በማስረጃ እያስደገፈ ይነግረኛል።

ጋሽ ደመላሽ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። አረንጓዴና ነጭ ታክሲ ደጃችን አቁሞ ወረደ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ድምፁ የተሰማ ሰው እሱ ብቻ ነው።

«ጥሩወርቅ! ጭነቴ ደርሶኛል! መኪናዬን ከተማው መውጫ፣ ፔካ ዱዝ አቁሜ ነው የመጣሁት፤ አሁን እወጣለሁ! ሳጥኔን!»

ጥሩወርቅ በሩን አየች። እኔን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። እውነቱን ልናገር፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሳቄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ፊቷን ሳይ ግን ሳቁን ዋጥኩት። ሠርጉ እሑድ ነው። ጋሽ ደመላሽ ዛሬ ካልወጣ አይደርስም፤ ባዶ እጁን ከሚደርስ ደግሞ ባይደርስ ይሻለዋል። ሳጥኑ አልጠፋም፤ እዚያው ከበሩ ወዲያ ነው። ነገር ግን አደራ ባለቤቱ ሲጠይቀው ካልተሰጠ፣ ከጠፋ በምን ይለያል?

«ዝጋው!» አለች እያለቀሰች። «በእናትህ፣ ይሄን ነገር ዝጋው!»

«ዘግቼዋለሁ እኮ! ሁሉንም ዝግ ላይ ነው ያሰርኩት!»

«ዝግ ከሆነ ለምን ይጮኻል?»

ነገሩ የተገለጠልኝ በዚህች ጥያቄ ነው። እኛ ራዲዮ ስንከፍት ያወራል፤ ስንዘጋው ዝም ይላል። ለሽቦ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሽቦ ተዘጋ የሚባለው ጫፍና ጫፉ ሲገጥም ነው፤ ያን ጊዜ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ዕቃው ይሠራል። ክፍት የሚባለው መሀሉ ሲቆረጥ ነው፤ ምንም አያልፍም። ፈረንሳዮቹ «ዝግ» ያሉት እኛ «ክፍት» የምንለውን ኖሯል! ስለዚህ የእኔ ሳይረን ሰላም ሲሆን ይጮኻል፣ ሌባ ሲገባ ዝም ይላል። በሩም ሰላም ሲሆን ይቆለፋል፣ ሌባ ሲመጣ «ይግቡ» ይላል። ትርጉሜ እንከን አልነበረበትም። ስህተት አለ ከተባለ የአማርኛ ነው።

ይህንኑ ለሀዋ ጮኼ ላስረዳት ሞከርኩ። «በሶማልኛም ራዲዮ ይከፈታል» አለችኝ። «ግን እኛ ሳይረን አልገዛንም።»

ችግሩን ማወቄ ምንም አልፈየደም። ብሎኑን ፈትቶ ለማዛወር መግባት ያስፈልጋል፤ ለመግባት በሩ መከፈት አለበት፤ በሩ የሚከፈተው ሌባ ከገባ ነው። ሌባ ከየት ይመጣል?

«ጉልበት ያለው ሁሉ ወደ በሩ!» አሉ ሙሴ አለሙ ከረባታቸውን እያስተካከሉ። «ሁላችሁም ከፊት! ከኋላ ማንም እንዳይቀር!» ሰው አዘዙ፣ አሰለፉ፣ ገፋ ገፋ አደረጉ። እሳቸው ወዴት እንደሄዱ ልብ ያለ የለም። ሹፌሮቹ፣ ታክሲ ነጂው፣ ጫት ጠባቂዎቹ፣ ባለ ሳሙናው ሳይቀር በሩ ላይ ተረባረቡ። እኔና ጋሽ ደመላሽ ከሁሉም ፊት ትከሻችንን ብረቱ ላይ ደገንን። ገፋን። ማግኔቱ ፍንክች አላለም። እንደገና ገፋን። ለሌላ ግፊት ትንፋሻችንን ሰብስበን ጋሽ ደመላሽ «በለው!» ሊል አፉን ሲከፍት፣

ሳይረኑ ቀጥ አለ።

ጩኸቱን ለምደነው ስለነበር ዝምታው ነው ያስደነገጠን። ለመደንገጥ እንኳ ጊዜ አልነበረም፤ በሩ ተበርግዶ ተከፈተና እኔ፣ ጋሽ ደመላሽ፣ ታክሲ ነጂው፣ ከኋላችንም ካርቲየ 4 እንዳለ ተደራርበን ወደ ውስጥ ወደቅን።

ከስር ሆኜ ቀና ስል ሙሴ አለሙ በመስኮቱ እስከ ወገባቸው ገብተዋል። ይቅርታ፣ ገብቷል። ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅርብን። ፍርግርግ ብረቱ ተነቅሎ ጓሮው ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ ብሎኖቹ በዘይት ታሽተው እንደነበር ሳይ የዛሬ ሥራ እንዳልሆነ ገባኝ። በአንድ እጁ የጥሎሹን ሳጥን እጀታ ጨብጧል። ከረባቱን ደግሞ የመስኮቱ መቀርቀሪያ ይዞታል፤ ወደኋላ ቢል አይለቀውም፣ ወደፊት ቢል እኛ አለን።

ሒሳቡን አደንቅለታለሁ። ግርግር ለሌባ ያመቻል፤ ሰውን ሁሉ ራሱ ወደ ፊት ሰበሰበ። መስኮቱ ላይ ሴንሰር እንዳለ ያውቃል፤ የነገርኩት እኔ ነኝ። ግን ከረፋዱ ጀምሮ ሲጮህ የቆየ ነገር ከዚህ በላይ ምን ሊጮህ? ያላሰላው ሽቦውን ያሰረው ማን እንደሆነ ነው። መስኮቱን ሲከፍት ሴንሰሩ ለሪሌዋ ነገራት፤ እሷም ሳይረኑን ዝም አሰኘች፣ በሩን ለቀቀች፣ ሰፈሩን በሙሉ አስገባችበት።

«ሳጥኑን ላወጣላችሁ ብዬ ነው» አለ ሙሴ አለሙ፣ ከረባቱ በፈቀደለት ድምፅ።

«በጓሮ በኩል?» አለች ሀዋ።

ሁለት ሹፌሮች ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይዘውት ሄዱ። እሱ በተከራየው ክፍል ውስጥ ብርድ ልብሱም ሽቶውም ተገኙ፤ ብርድ ልብሱን በዚህ ሙቀት አልጋው ላይ አንጥፎት ነበር፤ ቅጣቱን አስቀድሞ እየተቀበለ ነው የከረመው። እኔ ደግሞ ራሴን ሰዎች ትከሻ ላይ አገኘሁት። «እንዴት አሰብከው?» ይለኛል አንዱ ሹፌር። «ሌባ ሲገባ ዝም የሚል ሳይረን! ነጮቹም አላሰቡት!» ላስተባብል አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ከላይ ሰፈሩ እንዴት እንደሚያምር አየሁና ዘጋሁት። ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን ሊቅ ቢባል ማን ይጎዳል?

ጥሩወርቅ ግን ገና አልሳቀችም። «የሌባ እጅ ነክቶታል፤ ሳይታይ አይሄድም» ብላ ሳጥኑን መንገድ ላይ፣ የሀዋ ጠረጴዛ ላይ አስወጣችው። ከፈተችው። ቀሚሱን ብድግ አደረገች፤ ሹፌሮቹ አጨበጨቡ። ጫማዎቹን ብድግ አደረገች፤ ሀዋ በራሷ አገር ዜማ ዕልልታዋን አቀለጠችው፤ የሰፈሩ ሴቶች ተቀበሏት። ወርቁ ሲወጣ ጫት የጫነው መኪና ጥሩምባውን እያስጮኸ ደረሰ። አንድም ሰው ዞር አላለም። ሀዋ ራሷ በእጇ «ቆይ!» አለችው።

ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ጥሩወርቅ ወደ ጋሽ ደመላሽ ዞረች። «የጎደለ አለ?»

ጋሽ ደመላሽ ዕቃውን አየ። እሷን አየ። «አዎ፣ ጎድሏል» አለ ዝግ ባለ ድምፅ።

ጥሩወርቅ ዕቃውን እንደገና ልትቆጥር ቀሚሱን አነሣች።

«የልጁ እናት የለችም» አለ። «ይሄን ከሙሽራዋ ዘመዶች ፊት ብድግ አድርጎ የሚያሳይልኝ የእናት እጅ ነው የጎደለው። ማንን እለምናለሁ እያልኩ ነው ይሄን መንገድ ስነዳ የከረምኩት። ዛሬ አየሁሽ። እንሂድ ጥሩወርቅ።»

እንባዋ መጣ፤ ነጠላ ስላልያዘች በክንዷ ጠረገችው። «ምግብ ቤቱስ?» አለች። ሁሉም ወደ እኔ አየ። ገብታ ነጠላዋንና ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። የወጥ ቤት ሽርጧን ፈትታ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወገቤ ላይ አሰረችልኝ፤ ጠበቅ አድርጋ ነው ያሰረችው። «ሽሮው እንዳያርርብህ» አለችኝ፤ ከዚያም አቀፈችኝ።

ሳጥኑ ታክሲው ጣራ ላይ በገመድ ታሰረ። ታክሲው ሲንቀሳቀስ ጥሩወርቅ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ ዕልል አለች፤ ዋናውን መንገድ ይዘው እስኪሰወሩ ድረስ አላቋረጠችም። ሚስቴ ዕልል ማለት እንደምትችል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።